አረንጓዴው መብራትና ያልተማረችው ዶሮ

«ዘንድሮ በቆሎው እንዴት ወዝ አለው፣ ፓሬ! እስቲ እይው፣ የጨቅላ ጥርስ አይመስልም?» አለቻት ንጋሁያ ጎረቤቷን፣ የበቆሎውን ከረጢት ለአራተኛ ጊዜ ከፈላው ምንጭ አውጥታ፣ አይታ፣ መልሳ እየነከረች። «ዝናቡም ደህና ጣለ... ጉልበትሽስ? ተሻለሽ? ጎሽ።»

ሮቶሩዋ ውስጥ፣ ምድሪቱ ራሷ ጥዳ በምታበስልበት በዚያ የማኦሪ መንደር፣ በቆሎ ለመቀቀል አሥር ደቂቃ ይበቃል። የንጋሁያ በቆሎ ግን ከተጣደ ይኸው ሰዓት አለፈው። ወንድሟ ኤሩ ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ የተደፈነውን የመታጠቢያ ቤት ጉድጓድ ሊጠርግ አፉ ላይ ቆሟል። ኤሩ ደግሞ ሳይበላ አይወርድም፤ ሆዱ ጌታው ነው።

ከሴቶቹ ኋላ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ፣ አንድ ወጣት መሐንዲስ ተቀምጧል። ስሙን ንጋሁያም አልጠራችው፣ እኛም አንጠራውም። የሠራትን መሣሪያ ጭኑ ላይ አድርጎ ይወለውላል። የክብሪት ቀፎ ታክላለች፤ ሦስት ሴንሰር፣ ባትሪና ደወል አላት፤ ከፍል ውሃው ጋር ከምድር የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ ሲመጣ ትጮኻለች ተብላለች። ኤሩ ደረቱ ላይ ሰክቶ የሚወርደው እሷን ነው። ትናንት ንጋሁያ ፊት ለፊት «ልጄ፣ ይህቺ ነገርህ አልጮኽ ብላለች» ብትለው፣ «አክስቴ፣ ይህ እኮ ሳይንስ ነው» ብሎ ሳቀባት። ስለዚህ ዛሬ ለእሱ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። የምታወራው ለፓሬ ነው፤ ድምጿ ብቻ ሐይቁን ተሻግሮ ይሰማል።

«መማር እንዴት ደግ ነው፣ እቴ! የተማረ ሰው አፍንጫ ምን ያደርግለታል? እኛ ደንቆሮዎቹ ይሸታል አይሸትም ስንባባል፣ እሳቸው... አንቱ ልበል እንጂ... እሳቸው ቁጥር ያነባሉ። ዜሮ ካለ ዜሮ ነው! ትልቁ ከተማ ኦክላንድ ድረስ ጠርተው ሸልመዋቸዋል አሉ። ሽልማቱ መስታወት ነው አሉ። ይገባቸዋል፤ ሌላ ምን የሚያዩት አላቸው?

«ቀይዋን ዶሮዬን ታውቂያት የለ? ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይባላል... የእኔዋ ከእንግዲህ አታልምም። ትናንት መሣሪያዋን ጉድጓዱ ውስጥ ሰቅለዋት፣ መብራቷ አረንጓዴ፣ ቁጥሯ ዜሮ፣ እንዴት ታምራለች መሰለሽ! ዶሮዬ ዘው አለች፣ ሁለቴ ዞረች፣ ክንፏን ዘርግታ ተጋደመች። መብራቱ ከራስጌዋ አረንጓዴ እንደሆነ! ምን ታድርግ፣ አልተማረችም። አየሩ ንጹሕ መሆኑን ማን ይንገራት? ማንበብ ብትችል ኖሮ ዛሬም እንቁላሏን ትጥል ነበር።

«መሣሪያዋን አልወቅስም። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል፤ እሷ ግን ጨዋ ናት... አሳዳጊዋን አታሳጣም። ያስተማሯትን ነው የምትደግመው። ስትከፈት ቁልፏን ይጫኑና ‘ንጹሕ አየር ማለት ይህ ነው፣ ዜሮ በይ’ ይሏታል። እሺ ትላለች። ከዚያ ወዲያ የምትቆጥረው ከዚያ የባሰውን ብቻ ነው። የት ይመስልሻል ታዲያ ያስተማሯት? ... የቤታቸው በረንዳ ላይ! እንፋሎቱ ከወለሉ ስር እንደ ገንፎ ቡልቅ ቡልቅ በሚልበት! አይፈረድባቸውም፣ የአገሬ ልጅ ናቸው፤ በዚያ የድኝ ሽታ ተወልደው፣ በዚያ ሽታ ጡት ጠብተው ምኑ ይሸታቸዋል? ባለፈው አንዲት ጎብኚ በዚያ በረንዳ ስታልፍ ካሜራዋን ወርውራ በሁለት እጇ አፍንጫዋን ያዘች። ባሏ ከነጫማው ሐይቅ ገባ! እሳቸው ግን ደረታቸውን ነፍተው አየር እየሳቡ ‘እንደ ቤት ምን አለ!’ ... የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ፤ የለመዱት ሽታስ መቼ ይሸታል? እኔም አይሸተኝም፣ አልዋሽም። እኔ ግን ያልሸተተኝን የሰው ደረት ላይ አልሰካሁማ...»

ወንበሩ ሲጥ አለ። ንጋሁያ ዘወር አላለችም። ኤሩ ከወዲያ ማዶ ሆዱን በመዳፉ ደብደብ ደብደብ አደረገ።

«ትንሽ ነው የቀረው፣ ወንድሜ! ገና ጥሬ ነው!» ብላ ጮኸችለት። ፓሬ አፏን በሻርፗ ያዘች፤ ከረጢቱ ውስጥ ያለው በቆሎ ቀልጦ ሙቅ ሆኗል።

«እኔ መሃይሟ ምን አውቃለሁ፣ ፓሬ... ባለ ጥዱ ኮረብታ ላይ፣ ነፋሱ ከሩቅ በሚመጣበት፣ ያቺን ቁልፍ አንዴ ተጭነው ‘ተሳስቼ ነበር፣ ንጹሕ ማለት ይህ ነው’ ቢሏት... በመኪና ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ግን እንዲህ ያለን ሰው ዳገት ውጣ ይሉታል? በዶሮ ምክር? ነውር ነው! ኤሩስ ቢሆን ምን አለበት፣ ያለኝ ወንድም አንድ ነው፤ ዶሮዬም አንድ ነበረች። እሱ ደግሞ ማንበብ ይችላል፣ እግዜር ይመስገን፤ ከታች ወድቆም ቢሆን ዜሮዋን እያነበበ ይጽናናል...»

ያን ጊዜ ወጣቱ ተነሣ። ፊቱ በርበሬ መስሏል። መሣሪያዋን ኪሱ ከተተና ማንንም ሳያይ ወደ መኪናው ሄደ፤ መኪናዋም ቅብጥብጥ ብላ ወደ ባለ ጥዱ ኮረብታ ዞረች። ንጋሁያ በቆሎውን ለአምስተኛ ጊዜ ነከረችው፤ ለደርሶ መልስ ይበቃል። ከዚያ ድምጿን ማር ቀብታ፣ በተከፈተው የመኪና መስኮት እንዲገባ አድርጋ ከፍ አደረገችው፦

«የእኛ ልጅ እኮ ወርቅ ነው፣ ፓሬ፣ ይባረክ! የአያቱን ዕድሜ ይስጠው። ዘሩ እንደ አሸዋ ይብዛ። በረንዳው አይፍረስበት። እስኪሸብት ድረስ፣ ጧትም ማታም፣ ያቺ መሣሪያው ‘ንጹሕ ነው’ ያለችውን አየር ብቻ እግዜር ያስተንፍሰው! ... አሜን በይ እንጂ፣ እቴ።»