የአባ ተክሌ ዘቢብ

"የሱቅ ዘቢብ ዘይት ይቀባል፤ ለቅዳሴ አይሆንም" ብለው ቄሳችን አባ ተክሌ ከሆላንዷ ደን ሃግ እስከ ጀርመን፣ ሞዘል ወንዝ ዳር ድረስ በዚያች አሮጌ መኪናዬ አስነዱኝ። አንድ የእንግዳ ማረፊያ ይዘን ቀን ቀን የወይን መንደሮቹን በዝግታ እንዞራለን፤ አባ ጠርሙሱን ሁሉ አልፈው የወይን ዘለላ ይገዙና እንዲደርቅ ክፍላችን መስኮት ላይ ያሰጡታል። በአምስተኛው ቀን ስንመለስ ዘቢቡ የለም። አጽጂዋ የተበላሸ መስሏት ጥላው፣ በምትኩ ትኩስ ወይን በሳህን አስቀምጣልናለች።

እኔ ስበሳጭ አባ ፍሬውን አንድ በአንድ እየለቀሙ እንደገና ማስጣት ጀመሩ።

"አባ፣ ሰኞ ሥራ እገባለሁ እኮ" አልኳቸው።

"ደውልና አስፈቅድ። ሳይደርቅ ንቅንቅ አልልም።"

ደን ሃግ፣ ክፍል ወደማጸዳበት ሆቴል ስደውል ነው የደነገጥኩት፤ እኔስ የስንቱን ሰው ዘቢብ ጥዬ ይሆን?