የቁልቋሉ አፈር

«ረክሻው መንገድ ላይ አላንገላታሽም አሚናዬ? አቧራው እንኳን ዛሬ ጋብ ብሏል፣ አልሐምዱሊላህ...»

የሻሽወርቅ በአል-ጣኢፍ ሰፈር በምትሠራበት በማዳም ቪላ በረንዳ ላይ ወንበር ሳበችላት። አሚና የማዳም ልጅ ወጥ ሠሪ ናት። ልጅቱ ስለወለደች ከየሻሽወርቅ ጋር የምትሠራውን ሙላቷን ለሞግዚትነት ልትወስዳት አስባ፣ «እስቲ ጠባይዋን የሻሽወርቅን ጠይቂልኝ» ብላ ልካታለች። ሙላቷ ወጥ ቤት ዕቃ ታጥባለች፤ መስኮቱም ክፍት ነው። የሻሽወርቅ አሥራ አንድ ዓመት ያሳደገቻቸው ቁልቋሎች የነበሩባቸው ሸክላዎች ባዶአቸውን ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። እነሱን እያየች፣ በመስኮቱ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«እኔ በሰው ክፉ አልናገርም። ግን አንዳንድ ሰው አለ... እጁ የማይሰስት! እኔ ጠጠርና ደረቅ አሸዋ፣ ትንሽ የተፈጨ ጡብ ጣል አድርጌ ስተክል፣ ‹ምነው፣ ይቺ ሴት ለተክልም ትሰስታለች?› ብሎ ለማዳም ይነግርልኛል። ለእኔ አስቦ እኮ ነው! አገር ቤት ደርሼ እስክመለስ ጠጠሩን ደፍቶ የአባይን ደለል ሞላበት። ‹የአገራችን አፈር ነው፣ ከጎጃም ታጥቦ የመጣ፤ በእሱ የማይበቅል የለም› አለ አሉ። አገር መውደድ ነዋ! ለማዳበሪያ ብሎ የፍየል በጠጥም ጨመረበት። ጠዋት ውኃ፣ ማታ ውኃ... ታዲያ ፍቅር አነሰው? ቁልቋሎቹ ጠግበው ጠግበው ከሥራቸው በሰበሱ። አንዱንማ ስነካው እንደ በሰለ ድንች እጄ ላይ ፈረሰ። ማዳም ስትጠይቅ ደግሞ፣ ‹የሻሽወርቅ እንዳሳየችኝ ነው ያደረግሁት› አላት። ትሕትናውን አየሽልኝ? ሙያውን ለራሱ አላደረገም፤ ለእኔ ሰጠኝ!»

ወጥ ቤት የሚንኳኳው ሰሃን ጸጥ አለ። የሻሽወርቅ ደስ አላት፤ ደስታዋንም አልደበቀችም።

«ሕፃንስ ቢሆን ምን ይፈልጋል? ማጥገብ ብቻ አይደል? ልክ ማወቅማ የስስታም ሥራ ነው... እና ያሰባችኋትን ውሰዱ እንጂ! ማን ከለከላችሁ? እኔ እንደሆንሁ ለማንም እንጀራ እንቅፋት አልሆንም፣ ወላሂ። ጎበዝ ናት፣ ታታሪ ናት፣ የያዘችውን ነገር ሳትጨርሰው አትለቅም... ያላ፣ አትቆዪ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ሂጂ። ለወላዷም መብሩክ፣ እንኳን ደስ አለሽ በይልኝ። ሕፃኑን ደግሞ... ከእንግዲህ እግዚአብሔር ራሱ ያሳድገው።»