የላላው ብሎን

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠው ሰው ለጓደኛው እየጮኸ ያወራል።

«ሰሊጥ በምንመረምርበት ላቦራቶሪ የአሲድ ጭስ የሚስበው ማሽን እንደ ወፍጮ ይጮህ ነበር።»

«እሺ?»

«ጠዋት ጠዋት እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ፈገግ ብዬ ሙዲሩን፣ አለቃችንን፣ ‹አንት አህያ› እለዋለሁ። በጩኸቱ ስለማይሰማኝ ሰላምታ እየመሰለው ‹አላህ ይባርክህ› ይለኛል።»

«አማርኛ ይሰማል እንዴ?»

«መተማ ነው ያደገው። ለካስ የሚጮኸው ጣራው ላይ የላላ ቆርቆሮ ኖሯል። ትናንት መካኒክ ወጥቶ ብሎኑን ሲያጠብቀው ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ‹አህያ› ላይ ነበርኩ።»

«ምን አለህ?»

«‹ከመቼ ጀምሮ ነው?› አለኝ። ይኸው ሥራ ፍለጋ እየሄድኩ ነው።»

«መካኒኩስ?»

«ፊቱን አላየሁትም። ባገኘው ብሎኑን አስውጠው ነበር።»

የመፍቻ ቦርሳዬን በእግሬ ቀስ አድርጌ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋሁት።