ምድጃው ለአማቴ ነው

በደርግ ጊዜ፣ በስደት ሱዳን ሳለሁ፣ ከገዳሪፍ ወደ ኸሽም ኤል ቂርባ በሚሄድ ሎሪ ላይ ተሳፍሬያለሁ። አንዲት ወጣት ሴት የሸክላ ምድጃ ታቅፋ ተሳፍራለች። አጠገቧ የተቀመጡት አሮጊት ዝም ማለት አልቻሉም።

«ልጄ፣ ምንድን ነው የታቀፍሽው?»

«ጭስ የማያበዛ ምድጃ ነው፣ እትዬ። ዓይኔ ሊጠፋ ሲል የስደተኛ ካምፑ ሐኪም፣ ‹በጉልቻ ማብሰል ተይ› አለኝ። አንዱን ቤቴ አስቀምጫለሁ፤ ይሄ ሁለተኛው ነው።»

«እውነት አይጨስም?»

«እንጨቱ ደረቅ ከሆነ፣ ቀጭን ቀጭን ከተፈለጠ፣ ድስቱም ገጥሞ ከተቀመጠ አይጨስም።»

«ዓይንሽስ?»

«ዳነ። ድኖም ባሌን አጥርቶ አሳየኝ።»

«ኧረ ምን አየሽ?»

«ድሮ እሳት ስለኩስ ጭሱን ጠልቶ ይወጣልኝ ነበር። አሁን ጨው በዛ፣ ሽንኩርት አረረ እያለ ቀኑን ሙሉ ማድቤት ይቀመጣል።»

«ደርግን ሸሽቶ ማድቤት ገባ በይኛ!»

«ገባልዎ!»

«ታዲያ ይሄኛው ለማን ነው?»

«ለእናቱ። እሳቸው ማድቤትም ጭስ ከጠፋ፣ ሄዶ እዚያ ይቀመጣል።»

«ምን በድለውሽ ነው?»

«እሱን ወልደውብኝ።»

ጠዋት ጭስ ጠልቼ፣ ሚስቴን ማድቤት ትቼ የወጣሁት እኔ፣ ሎሪው ሁሉ ሲስቅ ፊቴን ወደ ማሽላው ማሳ አዞርኩ።