ሰላምታው ያላለቀ እንግዳ

እኔ በተፈጥሮዬ ወረፋ አልወድም። በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ውስጥ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ግን ሐዋሳ፣ ፒያሳ ባለ ክሊኒክ ተቀምጬ በየደቂቃው ሰዓቴን አያለሁ። ባለቤቴ ሳያት የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ራሷን ሲያማት አድሮ ዓይኗ ብዥ ብሎባታል። ዶክተር ሕዝቅያስ የደም ግፊቷን ለክተው ፊታቸው ጠቆር አለ። «የደሙ ውጤት ይምጣ። መጥፎ ከሆነ ዛሬውኑ ሆስፒታል ትገባለች፤ ደህና ከሆነ ኪኒን ይዛ ቤቷ ትሄዳለች» አሉኝ። ደሙን የሰጠችው ማለዳ ታቦር ሰፈር ባለው የክሊኒኩ ላብራቶሪ ነው። ውጤቱ የሚመጣው በኮምፒውተር ነው።

በረንዳው ላይ ስቁነጠነጥ ድንገት ከሮዳስ ጋር ተገናኘን። ፊዚክስ ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ አሁን የክሊኒኩን ኮምፒውተሮች የምትጠብቅ እሷ ናት።

«ቲቸር፣ በሰላም ነው?»

«ሳያት ታማብኝ ነው። አንቺስ ምነው ፊትሽ ልክ አይደለም?»

«ጋሽ ሽበሺን አሥራ አምስት ደቂቃ ልለምናቸው ነው። እምቢ ይሉኛል ብዬ ፈርቻለሁ።»

አቶ ሽበሺ የክሊኒኩ አስተዳዳሪ ናቸው። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ በሥራ ሰዓት በር ዘግተው አያውቁም፤ ለቅሶ እንኳ የሚደርሱት ሰው ተክተው ነው። የሰላምታቸው ነገርማ አይነሣ። ልጆቹን፣ ዝናቡን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሳይጠይቁ የሰው እጅ አይለቁም። ከኋላ የቆመ ይቆማል።

ቢሯቸው አብረን ገባን። ሮዳስ ቁጭ ሳትል ጀመረች።

«ጋሽ ሽበሺ፣ ከፈቀዱልኝ ዋናውን ኮምፒውተር አሥራ አምስት ደቂቃ ዘግቼ አንድ ፕሮግራም ልቀይር። የታካሚን ምስጢር የሚቆልፍልን ፕሮግራም እንከን ተገኝቶበታል። የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ትናንት አስታውቀው መጠገኛውን አውጥተዋል።»

«ሌባ ሊገባብን ነው የምትይኝ፣ ልጄ?»

«አይገባም። የሚነበብም የሚሰረቅም ነገር የለም።»

«ታዲያ ምን ቸገረን? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው። የሚሠራ ነገር አይነካካም። ደግሞስ ታካሚ ቆሞ በር መዝጋት ነውር አይደለም?»

«ኮምፒውተሮች ምስጢር ከመነጋገራቸው በፊት ሰላም ይባባላሉ፤ መታወቂያ ይተያያሉ። አንድ ተንኮለኛ የተጣመመ መታወቂያ ቢልክ፣ ይሄ ፕሮግራም እውነተኛነቱን ለማረጋገጥ ማስላት ይጀምራል። ስሌቱ ማለቂያ የለውም። ይበቃል፣ የሚቀጥለው ይግባ ማለት አያውቅበትም። ሌላው ሁሉ ከኋላ ተሰልፎ ይቀራል።»

አቶ ሽበሺ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔን ነው የምታሚው?»

«ኧረ እርስዎን አላልኩም። እርስዎ ቢዘገይም ይጨርሳሉ።»

ሳቅ አሉ። ከዚያ፣ «ማን ነው ሐዋሳ ድረስ ተንኮል የሚልክብን? ከማን ተጣላን?»

«አያውቀንም እኮ። ያገኘውን በር ሁሉ የሚያንኳኳ ነው። ወሬው ለእኛም ለተንኮለኛውም እኩል ደርሷል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያሉ ታካሚ የሚመክሩት እርስዎ አይደሉም?»

«እሑድ ታካሚ የለም። እሑድ ይሁንልሽ» አሉ በቁርጥ።

መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ለምን እንደሆነ አልደብቅም። የሳያት ውጤት እስኪመጣ ድረስ ማንም ማሽኑን እንዲነካብኝ አልፈለግሁም።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም፤ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ኮምፒውተሩ አልንቀሳቀስ አለኝ አለች። የዶክተሩም እንደዚያው። ታቦር ደወልን፤ የሚያነሣ የለም። ሮዳስ ዋናውን ማሽን አጥፍታ አበራችው። ሁለት ደቂቃ ሠርቶ ተመልሶ ቆመ።

«ያ ያልኩት ተንኮለኛ እንግዳ ነው። የተጣመመ መታወቂያውን እየደጋገመ ይልካል» አለች። «መስመሩን ብነቅለው ታቦርም አብሮ ይቋረጣል።»

ሳያት ግድግዳውን ተደግፋ ግንባሯን ይዛለች። አልዋሽም፣ ፈርቼ ነበር፤ ፍርሃቴም ቁጣ ሆኖ ወጣ።

«ጋሽ ሽበሺ፣ በር አልዘጋም አሉ። ይኸው ተዘጋ። የዘጋነው እኛ አይደለንም፤ መቼ እንደሚከፈትም የሚነግረን የለም። የሚስቴ ውጤት ግን ከዚያ ወዲያ ነው።»

አቶ ሽበሺ ዞር አሉ። ሳያትን አዩ፤ ልጅ ያዘለችውን እናት አዩ፤ የተሰለፈውን ሰው ሁሉ አዩ። ከዚያ ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«ሮዳስ፣ ጀምሪ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብኝ እንጂ ቅድም ልሰማሽ ይገባኝ ነበር።»

የውጭውን በር ቆልፈው ደጁ ላይ ቆሙ። ለመጣው ሁሉ፣ «አሥራ አምስት ደቂቃ ታገሡን፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ሲሉ በመስኮቱ ይሰማኛል። እኔ የሳያትን እጅ ይዤ ደቂቃ እቆጥራለሁ። እጇ ቀዝቅዟል። በአሥራ ሦስተኛው ደቂቃ ዶክተር ሕዝቅያስ ከክፍላቸው ብቅ አሉ።

«መጥቷል። አሁኑኑ ሆስፒታል።»

በማግሥቱ ሴት ልጅ ተወለደችልን። ትንሽ ናት፤ ጩኸቷ ግን አይጣል ነው። ዶክተሩ ሊጠይቁን መጥተው፣ «እስከ እሑድ ቢቆይ ኖሮ...» ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱት ተዉት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ረቡዕ፣ ላመሰግን ሄድኩ። በሩ ላይ «ዘወትር ረቡዕ ከ7፡00 እስከ 7፡30 ለኮምፒውተር እድሳት ዝግ ነን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አቶ ሽበሺ በኩራት አስረዱኝ። ታካሚው ሰዓቱን ስለሚያውቅ የሚጉላላ የለም። ሮዳስ መጠገኛውን አስቀድማ በትርፍ ማሽን ትሞክረዋለች። መስመር ቢቋረጥ እንኳ ላብራቶሪው ውጤቱን በወረቀት ጽፎ በባጃጅ ይልካል። እኛ በገዛ እጃችን ግማሽ ሰዓት ካልዘጋን፣ የማናውቀው ሰው ቀኑን ሙሉ ይዘጋብናል። ይህን ለመረዳት እኔም እሳቸውም የሳያትን ሕመም መጠበቅ አልነበረብንም።

ከዚያ እጄን ያዙ። «ሳያት እንዴት ናት? ሕፃኗስ ጠባች?»

«ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ሊቀጥሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ የግድግዳውን ሰዓት አዩ። ሰባት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል።

«የዝናቡንና የጎረቤቶችዎን ነገር ነገ እጠይቅዎታለሁ፣ መምህር» አሉና እጄን ለቀው በሩን ሊዘጉ ሄዱ።