በቴፕ ተበላ ስለተባለው የልብስ ሰፊው ካሴት

የምስክር ቃል

የምስክሩ መጠሪያ፦ ቴፕና ራዲዮ ጠጋኝ፤ በሰፈሩ «ጋሼ ሞተር»
ዕድሜ፦ 63
አድራሻ፦ ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ፣ ከፀጉር አስተካካዩ ቀጥሎ ያለው ሱቅ፤ መኖሪያው ከሱቁ በስተኋላ
ከባለጉዳዮቹ ጋር ያለው ዝምድና፦ የሥጋ ዝምድና የለውም፤ የሟች የሠላሳ ዓመት ጎረቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ በወሩ 14ኛ ቀን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ10

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር ማንም ሳይገፋኝ፣ ማንም ሳይጎትተኝ ይህን ቃል እሰጣለሁ። አጠር አድርጌ እንድናገር ተነግሮኛል። ነገሩ ግን አንጀቴን ስላሳረረው ባጭሩ አይወጣልኝም።

ሟች ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከመሞታቸው አምስት ወር በፊት እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ብዕር መያዝ ስላቃታቸው ኑዛዜያቸውን በገዛ ቴፓቸው በድምፅ ቀርጸዋል። ይህን የማውቀው ቀይዋንና ጥቁሯን ቁልፍ አንድ ላይ እንዲጫኑ ያሳየኋቸው እኔ ስለሆንኩ ነው። ሲናገሩ ከክፍሉ እንድወጣ ስለነገሩኝ ቃላቸውን በዚያን ጊዜ አልሰማሁም። ሁለት ልጆች አሏቸው። ታላቁ የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ስለሚሄድ ሰፈሩ «ጨዋው» ይለዋል። ታናሿ አስተማሪ ናት። አባቷን አራት ዓመት ያስታመመችው እሷ ስትሆን እስከ ዛሬም የምትኖረው በዚያው ቤት ነው። ኑዛዜው ከሌለ ቤቱ ተሸጦ ለሁለት እንደሚከፈልና እሷ መጠጊያ እንደምታጣ ሁላችንም እናውቃለን። ዳኛው ካሴቱ ዓርብ፣ በ10ኛው ቀን ይቅረብ ብለው አዝዘው ነበር።

ረቡዕ፣ በወሩ 1ኛ ቀን፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ልጅቷ ቴፑን ወደ ሱቄ አመጣች። ካሴቱ ዳኛ ፊት ሲከፈት እንዳይበላሽ ፈርታ «ጋሼ፣ አደራ እየው» አለችኝ። ከፈትኩት። መንኮራኩሩን የሚያዞረውን የላላ የጎማ ቀበቶ፣ ማለት ቺንጋውን፣ በአዲስ ቀየርኩ፣ የደረቀውን የጎማ ተሽከርካሪ ቀየርኩ፣ ድምፁን የሚያነበውን ሄድ በአልኮል ጠረግሁ። ከዚያም በራሴ ካሴት ሁለቱንም ገጽ አጫወትኩበት። ምንም እንከን አልነበረበትም። ይህን ስል ለሙያዬ እምላለሁ።

ሰኞ፣ በወሩ 6ኛ ቀን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ጨዋው ብቻውን መጣ። የደንበኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ። ስለ አባቱ ተከዘ። ቆይቶ «ጋሼ፣ ግን ቴፕ ካሴት የሚበላው ለምንድነው?» አለኝ። ስለ ቴፕ ሆድ ዕቃ ሰው ከጠየቀኝ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ደስ አለኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይህ ነው። ከመደርደሪያ አንድ አሮጌ ርካሽ ቴፕ አውርጄ ሆዱን ገልጬ አስተማርኩት።

ድምፁ የተቀረጸበትን የካሴት ክር የሚስቡት ሁለቱ ጥርሳም መንኮራኩሮች የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደሉም። የሚስበው ከሚስማር የማትወፍር የብረት ዘንግና እሷ ላይ የሚጫነው ጎማ ነው። ሁለቱ ክሩን መሃላቸው ይዘው ሳይቸኩሉ ሳይዘገዩ ያሳልፉታል። የመንኮራኩሩ ሥራ የመጣለትን መጠቅለል ብቻ ነው። እሱ ሲሰንፍ ዘንጓ አታውቅለትም፤ መግፋቷን ትቀጥላለች። ክሩ መሄጃ ሲያጣ ዘንጓ ላይ ይጠመጠማል። ቴፕ በላ የምንለው ይህንን ነው። የትኛዋ ቺንጋ ብትወልቅ መንኮራኩሩ እንደሚቆም በካቻቪቴ ጫፍ ነክቼ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየ። የአባቱ ቴፕ ግን ከዚህኛው እንደሚለይ ልነግረው ስል አንዲት ሴት ራዲዮ ይዛ ገባች፤ ጨዋታችን ተቋረጠ። እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ አመስግኖኝ ሄደ። እጄን በታጠብኩ ቁጥር ያ አጨባበጡ እስካሁን ይታወሰኛል።

ሐሙስ፣ በ9ኛው ቀን፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ልጅቷ እያለቀሰች መጣች። ወንድሟ ረቡዕ ጠዋት ቤቷ ሄዶ «የአባቴን ድምፅ አንዴ ሳልሰማ ለዳኛ አይሰጥም» ብሎ ቴፑን ከነካሴቱ ወስዷል። እሷም ወንድሜ ነው ብላ ሰጥታዋለች። በማግስቱ ደውሎ «በላው፣ ምን ላድርግ» አላት፤ ቴፑንና የተበላሸውን ካሴትም መለሰላት። ለመመስከር እንድችል እኔ እጄን ሳላሳርፍበት ሁሉንም ፖሊስ ዘንድ እንድታስይዝ ነገርኳት፤ አስያዘች፤ የዓርቡም ቀጠሮ ምርመራው እስኪያልቅ ተራዘመ።

ቅዳሜ፣ በ11ኛው ቀን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ጨዋው ሱቄን ገና ስከፍት ደረሰ። ቴፑ ያረጀ ነበር፣ ካሴት የመብላት ጠባይ ነበረበት ብዬ ለፖሊስ ቃል እንድሰጥለት ጠየቀኝ። «አንድ ቃል እኮ ነው ጋሼ። ማንንም አይጎዳም፤ ዕቃ ነው» አለኝ። እህትህስ ስለው «እሷ ደመወዝ አላት» አለ። ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ አንገቱን እንደ ልማዱ ደፍቷል። ምራቄ አፌ ውስጥ መረረኝ። ከሱቄ ውጣ አልኩት። ሲወጣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው፤ እሱም አስጠላኝ።

ዛሬ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ወንድምና እህት ባሉበት መርማሪው ቴፑንና ካሴቱን ሰጥተውኝ እንድመረምር ጠየቁኝ። በመጀመሪያ የቴፑን ጀርባ አየሁ። የብሎኖቹ ራስ በቢላ ጫፍ ተፋፍቋል፤ እኔ በቢላ አልሠራም። ስከፍተው በ1ኛው ቀን ያስገባሁት አዲስ ቺንጋ ሳይበጠስና ሳይላላ ከቦታው ወልቆ ተንጠልጥሏል። ልክ ሰኞ በካቻቪቴ ያሳየሁት ቦታ ነው።

ቀጥሎ ሰኞ ለጨዋው ሳልነግረው የቀረውን ልዩነት ለመርማሪው አሳየሁ። የሟች ቴፕ ጥሩ ዕቃ ነው። መንኮራኩሩ መዞሩን እየዳሰሰች የምትጠብቅ ትንሽ ክንድ አለችው። መንኮራኩሩ ከቆመ ክንዷ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ቁልፉን ታስፈነጥራለች፣ ሞተሩ ይቆማል። መርማሪው ራሳቸው ቺንጋው እንደወለቀ የእኔን ካሴት አስገብተው ሞከሩት፤ አራት ጊዜ ሞከሩት፤ አራቱንም ጊዜ ቆመ። በሦስት ሰከንድ የሚያልፈው ክር አንድ ስንዝር አይሞላም። ተበላ የተባለው ክር ግን ከሁለት ክንድ በላይ ነው። ማሽን ሲበላ ክሩን እንደተጣጠፈ መጋረጃ በጥቃቅኑ ይሸበሽበዋል። ይህኛው ተጠምዝዟል፣ ተቋጥሯል፣ ሁለት ቦታ ተበጥሷል፤ የጥፍር ምልክትም አለበት። ቴፑ እምቢ ሲለው ጨዋው ክሩን በጣቱ መዝዞ በመዳፉ ጨፍልቆታል። ጉዳቱ የጀመረውም ከክሩ መካከል ነው፤ ማለት ሰምቶ፣ ሰምቶ፣ ያልወደደው ቃል ላይ ሲደርስ ነው። ቴፕ ቃል መርጦ አይበላም።

እዚህ ላይ አይነጋ መስሏት ቋት ላይ አራች ብያለሁ። መርማሪው «ጋሼ፣ ይሄማ ፋይል ነው» አሉኝ። ፋይሉ ከነገሩ በላይ ንጹሕ መሆን የለበትም ብዬ እንዲጻፍ ጠይቄያለሁ።

ክር ስለተጨማደደ ድምፅ አይጠፋም፤ ይንቀጠቀጣል እንጂ። በመርማሪው ፈቃድ ክሩን መስታወት ላይ ዘርግቼ በጥፍሬ ጀርባ አለሳለስኩት። የተበጠሱትን ሁለት ቦታዎች ምንም ሳልቆርጥ አጣበቅሁ፣ በሌላ የካሴት ቀፎ ውስጥ ጠቀለልኩት፣ ቺንጋዋንም ቦታዋ መለስኩ። ሲያልቅ 6 ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጨዋው አንዴም አልተነሳም፤ ስልኩን እያየ ተቀምጦ ነበር።

መርማሪው ቁልፉን ተጫኑ። የሟች ድምፅ እየወጣና እየወረደ መጣ። አእምሯቸው ደህና መሆኑን ተናገሩ፣ አንዴ ሳሉ፣ ከዚያም «ቤቱን ለሴት ልጄ ሰጥቻለሁ» አሉ። ጨዋው ወዲያው ብድግ አለ። «ይሄ የአባቴ ድምፅ አይደለም። የሰከረ ሰው ነው» አለ። ሟች በሕይወታቸው መጠጥ አልቀመሱም። እህቱ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። መርማሪው ቴፑን አቁመው እንዲህ ስለማለቱ ጠየቁት፤ አዎ፣ አባቴ አይደለም፣ ይጻፍልኝ አለ። ተጻፈለት፤ ፈረመበት።

ቴፑ ቀጠለ። ቀጣዩ ቃል ክፉኛ የተጨፈለቀው፣ እሱ ሳይሰማው የቀረው ቦታ ላይ ነበር። «የፊት ለፊቷን ክፍል ግን ታላቁ ልጄ እስኪሞት ይኑርባት። ንግዱ አይሆንለትም። የወደቀ ቀን ደጅ እንዳያድር።»

ጨዋው አሁንም ቆሞ ነበር። «አዎ፣» አለ፣ «እሱ ነው። ይሄ አባቴ ነው።»

በሥራዬ የሰው ጆሮ ሰም የተለጠፈበት ማዳመጫ፣ በረሮ የፈለፈለበት ራዲዮ በባዶ እጄ ጠርጌያለሁ። እንደዚያች ደቂቃ ተጸይፌ አላውቅም። መርማሪው ብዕራቸውን ይዘው የትኛውን ልጻፍ ብለው ጠየቁት። እሱ ስለ ክፍሏ ስፋት መጠየቅ ጀመረ። እህቱ እጇን ከፊቷ አወረደች። «ክፍሏን ይውሰድ፣ አባዬ ብሏል» አለች፤ «ካሴቱን ግን በእጁ እንዳታስነኩት።»

የምጨምረው ካለ ተጠይቄ፣ ክሩ እንዴት እንደሚበላ ያስተማርኩት እኔ መሆኔ ሳይሸፈን በዚህ ቃል ውስጥ እንዲቀር አሳስቤያለሁ።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦልኛል። በአንድ ቦታ «በቴፑ የተበላው ካሴት» ተብሎ ስለነበር ቴፑ ስላልበላ አሰርዤ «በእጅ የተጨፈለቀው» አስጽፌያለሁ። የቀረው ያየሁት፣ የሰማሁትና የነካሁት ስለሆነ፣ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________