ፈጣኑና ጠባቂው፦ የአያ ክንዱና የሸዋገነት ክርክር

ሸዋገነት ጎንደር ከተማ፣ ከቀሐ ወንዝ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር የተቀመጠችው ጥላ ፈልጋ አልነበረም። ቤቷ ውስጥ ኔትወርክ እየመጣ ይጠፋል፤ «ዋርካው ሥር አይቆራረጥም» ሲሉ ሰምታ ነው። በአንድ እጇ ስልኳን፣ በሌላው ልጇ ቃልኪዳን የጻፈችላትን ወረቀት ይዛለች።

ቃልኪዳን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በሸጋ ውጤት ጨርሳ የዩኒቨርሲቲ ምርጫዋን ልትሞላ ስትል፣ ድብ ባሕር ያለች አክስቷ ወለደችና አራሷን ልትረዳ ሄደች። እዚያ ደግሞ ኢንተርኔት አይገኝም። ስለዚህ የገጹን አድራሻ፣ የተማሪ ቁጥሯን፣ የይለፍ ቃሏንና ምርጫዎቿን በተራ ጽፋ ለእናቷ ተወችላት። ምርጫው የሚዘጋው ዛሬ ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ሸዋገነት በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ከቆጠረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነውና «እጄ ስቶ ልጄን ከዕድሏ ባስቀራትስ» የሚለው ሐሳብ ምሳም አላስበላት።

በዚህ መካከል የሰፈሩ ሽማግሌ አያ ክንዱ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ መጡ። የኮላ ድባ ሰው ናቸው፤ ዳዊት ደጋሚ፣ ክርክር ወዳድ።

«እንደምን ዋልሽ ሸዋዬ። ምነው ብቻሽን ከስልክ ጋር ትጣያለሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን ዋሉ አያ። የቃልኪዳንን ምርጫ ልሞላ ነበር፤ ብሮውዘሩን መጀመሪያ ላድሰው ብዬ እስኪጨርስ እየጠበቅሁ ነው።»

ብሮውዘር ማለት በስልክ የኢንተርኔት ገጽ የሚከፈትበት በር ነው። አያ ክንዱ ሳቁ።

«የጎጆ ክዳን አደረግሽው እንዴ፣ የሚታደስ? ይኸው የኔን ውሰጂ። የእህቴ ልጅ በብሉቱዝ የሰጠኝ ብሮውዘር አለበት፤ ገና ሳትጠሪው አቤት ይላል። ካርድ አይበላ፣ አድሱኝ አይል። ለዕድራችን ሰው ሁሉ አካፍያለሁ።»

በአገራችን የሽማግሌን የተዘረጋ እጅ መመለስ ቀላል ነገር አይደለም። ሸዋገነት ፊቷ ቀላ።

«አይቀየሙኝ አያ፤ በአንቱ ስልክ የልጄን የይለፍ ቃል አልጽፍም።»

«ሌባ አደረግሽኝ?»

«አንቱንማ ልጄን ትቼ ብሄድ አምንዎታለሁ። የማላምነው ብሮውዘሩን ነው።»

«በር በር ነው። ሁሉም ወደዚያው ቤት ያስገባል።»

ሸዋገነት ትንሽ አሰበች። «አያ፣ ኮላ ድባ ሳሉ ሽምብራው ሲያሸት ጠባቂ ይቀጥሩ አልነበር?»

«እንዴታ። የመንገድ ዳር ሽምብራ ያለ ጠባቂ መቼ ለአውድማ ይበቃል።»

«ታዲያ ጠባቂ ሁሉ አንድ ነበር?»

«የለም። አንዱ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ‹ቅመስ› እያለ እሸቴን አስፈጀኝ። ሌላው ደግሞ አውሬ ነበር፤ እኔን ራሴን ‹ማን ነህ› ብሎ ያስቆመኛል።»

«በዓመቱ የትኛውን ቀጠሩ?»

«ነገር ልትጎነጉኚብኝ ነው» አሉ ጢማቸውን እየዳሰሱ። «አውሬውን ነዋ።»

«ብሮውዘርም እንደዚያው ነው። መምህራችን ትዕግስት ሦስት ስልክ ደርድራ አሳይታናለች። ‹ክሮም ይሁን ፋየርፎክስ በስሙ አትጣሉ› አለችን፤ ‹ከየት እንደመጣና ማን እንደሚያድሰው ጠይቁ።› ሌቦች አዲስ ቀዳዳ ሲያገኙ ሠሪዎቹ ይደፍኑታል፤ መታደስ ማለት ይኸው ነው። ከእጅ ወደ እጅ የዞረውን ግን ማን እንደነካካው አይታወቅም። ለመሆኑ የአንቱ ሲገባ ምን ፈቃድ ጠየቀ?»

«ስልክ ቁጥሮቼን ልይ አለ፣ መልእክቶቼን ልይ አለ። እሺ አልሁት። እንግዳ አይደል?»

«ገጽ ለመክፈት የመልእክትዎ ነገር ምን ይጠቅመዋል?»

አያ ክንዱ መሸነፍ አልፈለጉም። «ወሬውን ትተን በተግባር እንይ። ዛሬ ጠዋት በሰፈሩ ቴሌግራም ‹ምርጫዎን እዚህ ይሙሉ› የሚል መጥቷል። የልጅ ልጄ ውቢት በዚሁ በኔ ስልክ ሞልታ ጨርሳለች። እኩል እንንካው።»

የሸዋገነት ብሮውዘር ታድሶ ጨርሷል። ሁለቱም እኩል ነኩት። የአያ ክንዱ ስልክ ወዲያው ማኅተም ያለበት ቅጽ ዘረጋ። የሸዋገነት ግን ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሆኖ ቆመ።

«ያንቺ ፈሪ ነው» አሉ ሽማግሌው ጉልበታቸውን እየመቱ። «የኔን እይ፤ ከአድራሻው ጎን የቁልፍ ምልክት ሳይቀር አለው።»

«ቁልፉ በመንገድ ላይ ጆሮ የሚጥልብን እንደሌለ ነው የሚናገር። ከመንገዱ ማዶ ማን እንደተቀመጠ አይናገርም። ሌባም እኮ ደጁን ይቆልፋል አያ።»

ከዚያ ጣቷን በቀዩ ገጽ ላይ እያስኬደች አነበበች። «ይህ፣ ገጽ፣ የይለፍ ቃልዎን፣ ሊሰርቅ፣ ይችላል።» ከሁለት ዓመት በፊት ይህ ጽሑፍ ለእሷ መሬት ላይ የፈሰሰ ጤፍ ነበር።

«ጠባቂም ይሳሳታል» አሉ አያ ክንዱ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«ይሳሳታል። ስለዚህ እንፈትነው። በአንቱ ስልክ የሌለ ተማሪ እናስገባ። በቁጥሩ ቦታ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ይጻፉ፤ በይለፍ ቃሉ ቦታ ‹ሽምብራ› ብለው ይጻፉ። እውነተኛ መሥሪያ ቤት ከሆነ ‹እንዲህ ያለ ተማሪ አላውቅም› ይለናል።»

ሽማግሌው እንዳለችው ጻፉ። ገጹ ሳያመነታ መለሰ፦ «እናመሰግናለን። ምርጫዎን ተቀብለናል።» ገና አንድም ዩኒቨርሲቲ አልመረጡም።

«ገለባ ጭነው ‹ስንዴ ነው› ቢሉት ሳያይ የሚቀበል ነጋዴ እህሉን አይደለም የፈለገው» አለች ሸዋገነት፤ «ጆንያውን ነው።»

አያ ክንዱ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ውቢት እኮ እውነተኛውን ቁጥሯን ነው የሰጠችው» አሉ። «ይለፍ ቃሏንም።»

ሰዓቱ አሥር ተኩል ነበር። ሸዋገነት ውቢትን ደውላ ጠራቻት። ልጅቷ ከሰፈር እየሮጠች መጣች። ሸዋገነት በራሷ ስልክ ከወረቀቱ ላይ እውነተኛውን አድራሻ አንድ በአንድ ጽፋ ከፈተችላት። ውቢት ስትገባ ቅጹ ባዶውን ጠበቃት፤ የጠዋቱ ድካሟ የሄደው ለሌባ ነበር። ደግነቱ ሌባው ገና አልገባበትም።

«መጀመሪያ የይለፍ ቃሉን ለውጪ» አለቻት ሸዋገነት። «አዲሱን ለኔም ለአያትሽም አትንገሪ። እዚህ ስልክ ላይ ‹ላስቀምጠው› ቢልሽም እንቢ በይው።»

ውቢት ለውጣ፣ ሞልታ ላከች። ተራው የቃልኪዳን ሆነ። በወረቀቱ ላይ አንደኛው ምርጫ ጅማ፣ ሁለተኛው ጎንደር ይላል። የሸዋገነት ጣት ጎንደር ላይ ሲደርስ ቆመ። አንደኛ ብታደርገው ልጇ በየቅዳሜው ቤቷ ትመጣ ነበር፤ ማንስ ያያታል? ግን ከሌባ ስትጠብቀው የዋለችውን የልጇን ምርጫ ራሷ ልትሰርቀው ነው? ጅማን አንደኛ አድርጋ ላከች። «ምርጫዎ ተመዝግቧል» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ሁለተኛውን ጮክ ብላ።

አያ ክንዱ ያን ፈጣን ብሮውዘር እዚያው ዋርካው ሥር አጠፉት። «ፍጥነቱንስ አየሁት» አሉ፤ «ለካ የሚፈጥነው ለሌባው ነው።» ከዚያም ለዕድሩ ሰው በሙሉ በየተራ ደወሉ። ሽማግሌ ስህተቱን በራሱ አፍ ሲናገር ሰሚው ብዙ ነው፤ በሐሰተኛው ገጽ ሞልተው የነበሩት የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ያን ዕለት ከመዘጋቱ በፊት የይለፍ ቃላቸውን ለውጠው ምርጫቸውን አዳኑ። በእሑዱ ስብሰባም አያ ክንዱ ተነሥተው፣ ብሮውዘር ከስልኩ ከራሱ የመተግበሪያ መደብር ብቻ እንዲወርድ፣ አድሱኝ ሲል እንዲታደስ፣ ቀይ ገጽ ሲመጣ በግድ እንዳይታለፍ መከሩ። ይህን ያደረገ ሰው የልጁን ዕድል፣ ደብዳቤውንና ፎቶውን ይጠብቃል፤ የሚከፍለውም የጥቂት ደቂቃ ትዕግሥት ነው።

ምደባው የወጣ ቀን ሸዋገነት የልጇን ስም ራሷ ፈልጋ አገኘችው። ውቢት ጎንደር ደርሷታል፤ ቃልኪዳን ጅማ።

«ጅማ ሩቅ አይደለም ሸዋዬ?» አሉ አያ ክንዱ።

«በጣም ሩቅ ነው አያ» አለች ፈገግ ብላ። «የመረጠችው ግን እሷ ናት።»